የሞት ቅጣት በሕገ መንግሥት ሚዛን

ስለ ፍርድ ቤት ስታስቡ በቅድሚያ ወደ ልቡናችሁ የሚመጣው ሰው ሲከሰስ፣ ምስክር ሲሰማ፣ ዳኛ ሲፈርድና ጥፋተኛው ወደ ወኅኒ ሲወርድ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሕግ ራሱ በዳኞች ፊት ቆሞ የሚመረመርበት ጊዜም አለ። ሕገ መንግሥት የሕጎች ሁሉ የበላይ በመሆኑ፣ ከእርሱ በታች ያለ ማንኛውም ሕግ ከእርሱ ጋር መስማማት ይገባዋል። አንድ ሕግ ከሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ እንግዲህ በሚዛን ላይ የሚቀመጠው ሕጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 በደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያለ ጉዳይ ለፍርድ ቀረበ። የተመረመረው ሕግ በነፍስ ገዳይ ላይ የሞት ቅጣት እንዲፈረድ የሚፈቅደው ድንጋጌ ነበር። በዚያን ጊዜ ሞት ተፈርዶባቸው በእስር ቤት የሚጠባበቁ ከ300 እስከ 400 የሚደርሱ ሰዎች ነበሩ። በችሎቱ የሚነገረው እያንዳንዱ ቃል ለእነዚህ ሰዎች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ይህ ምንባብ ጉዳዩ ከየት እንደ ተነሣ፣ ዳኞቹ እንዴት እንዳመዛዘኑትና በምን እንደ ደመደሙ ያስረዳል። በምታነቡበት ጊዜ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ወደ ውሳኔው ያደረሰውን የአስተሳሰብ ቅደም ተከተል ልብ በሉ። በሚገባ የተጻፈ የክርክር ድርሰትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነውና።

1. የጉዳዩ አመጣጥ

በደቡብ አፍሪካ የሞት ቅጣት የሚፈጸመው በስቅላት ነበር። በአፓርታይድ አገዛዝ ዘመን አገሪቱ ብዙ ሰዎችን በሞት ከሚቀጡ መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1989 ባሉት ዓመታት ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ተሰቅለዋል። ከተሰቀሉት የሚበዙት ጥቁሮች ሲሆኑ ፈራጆቹ ነጮች ነበሩ። የቅጣቱ መሠረት በ1977 የወጣው የወንጀለኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ 277ኛ አንቀጽ ነበር። እስከ 1990 ድረስ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ሆኖ ለተገኘና ቅጣቱን የሚያቃልል ምክንያት ላልተገኘለት ሰው፣ ዳኛው ሞትን ከመፍረድ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

የመጨረሻው የስቅላት ቅጣት የተፈጸመው ኅዳር 14 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ነው። በየካቲት 1990 ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ የሞት ፍርዶች አፈጻጸም ለጊዜው እንዲገታ አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ የቅጣቱ ምርጫ ለዳኛው ሚዛን ተተወ። ሆኖም የሞት ፍርድ መፈረዱ አልቀረም። ስለዚህ የሚፈረድባቸው ሰዎች ሳይሰቀሉም ምሕረት ሳያገኙም፣ ዕጣቸውን ሳያውቁ ለዓመታት በወኅኒ ቆዩ።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በአራት የነፍስ ግድያ፣ በአንድ የመግደል ሙከራና በአንድ ከባድ የዝርፊያ ወንጀል ጥፋተኞች ሆነው የተገኙ ሰዎች ነበሩ። በዊትዋተርስራንድ ያስቻለው ፍርድ ቤት ለግድያዎቹ ሞት ፈረደባቸው፤ እነርሱም ይግባኝ አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋተኛነታቸውን አጽንቶ፣ የፈጸሙት ወንጀል በሕግ የተፈቀደው እጅግ ከባዱ ቅጣት የሚገባው መሆኑን አመለከተ። ነገር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. አዲሱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ውሎ ስለ ነበር፣ ቅጣቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር መስማማቱ እስኪታወቅ ድረስ የሞቱን ፍርድ ነገር በይደር አቆየው። ጥያቄው ለዚሁ ተግባር አዲስ ለተቋቋመው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ተላለፈ። ጉዳዩ በአንደኛው ተከሳሽ ስም የማክዋንያኔ ጉዳይ ተብሎ ይታወቃል።

ይህ ፍርድ ቤት ዐሥራ አንድ ዳኞች ነበሩት። የካቲት 14 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ ተመርቆ ሲከፈት፣ ማንዴላ ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በችሎት የቆሙት ሞት ይፈረድባቸው እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለመስማት እንደ ነበር በንግግራቸው አስታውሰዋል። ይህም በ1964 በሪቮንያ ችሎት የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸውን ጊዜ ማለታቸው ነው። በዚያ ችሎት ለማንዴላና ለጓደኞቻቸው ከተሟገቱት ጠበቆች መካከል አርተር ቻስካልሰንና ጆርጅ ቢዞስ ይገኙ ነበር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ቻስካልሰን የአዲሱ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው በዳኝነት ወንበር ተቀመጡ፤ ቢዞስ ደግሞ የአዲሱን መንግሥት ሐሳብ ለማስረዳት በፊታቸው ቆሙ። ፍርድ ቤቱ በተመረቀ ማግሥት መስማት የጀመረው የመጀመሪያው ጉዳይ ይኸው የሞት ቅጣት ጉዳይ ነበር።

የክርክሩ አሰላለፍም ያልተለመደ ነበር። ቢዞስ በመንግሥት ስም ቀርበው የሞት ቅጣት ጭካኔ የተመላበትና ኢሰብአዊ ስለ ሆነ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ፣ የዊትዋተርስራንድ ዐቃቤ ሕግ ግን ቅጣቱ ተገቢ ነው በማለት ተከራከሩ። የጥፋተኞቹ ጠበቆችም ድንጋጌው እንዲሻር ጠየቁ።

2. ያልተጻፈው ሐረግ

የጊዜያዊው ሕገ መንግሥት 9ኛ አንቀጽ እጅግ አጭር ነበር፤ ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይናገርና በዚያው ያበቃል። የሌሎችን አገሮች ሕግጋት ከዚህ ጋር አነጻጽሩ። የሕንድ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ሕግ ባጸናው ሥርዓት ካልሆነ በስተቀር ሕይወቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። የአሜሪካም ሕገ መንግሥት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የማንም ሰው ሕይወት እንዳይነካ ይከለክላል። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ15ኛው አንቀጽ የሕይወትን መብት ካረጋገጠ በኋላ፣ በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር ማንም ሰው ሕይወቱን አያጣም ይላል።

በሰዋስው ትምህርታችሁ “ካልሆነ በስተቀር” የሚለው ሐረግ ከጠቅላላው አንዱን ለይቶ እንደሚያወጣ ተምራችኋል። በሕግ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሐረጉ በር ነው፤ ባለበት ሕግ ቅጣቱ በዚያ በር ሊገባ ይችላል። በደቡብ አፍሪካው አንቀጽ ውስጥ ግን ይህ በር አልተሠራም። ታዲያ ባይሠራ የሞት ቅጣት ተከልክሏል ማለት ነውን?

ዝምታው በድንገት የመጣ አልነበረም። ስለ አዲሱ ሥርዓት የተደራደሩት ወገኖች በሞት ቅጣት ላይ ሊስማሙ አልቻሉም። ስለዚህ ቅጣቱን በግልጽ ሳይፈቅዱም ሳይከለክሉም፣ ወደ ፊት የሚቋቋመው ፍርድ ቤት የመብቶችን ድንጋጌ ተርጕሞ እንዲወስን ተዉት። ይህ አካሄድ በጊዜው የሰሎሞን መፍትሔ ተብሎ ነበር። በመሆኑም አንደኛው ወገን፣ “ሕግ አውጪዎቹ ቅጣቱን ለማስቀረት ቢፈልጉ ኖሮ በግልጽ በጻፉት ነበር” ቢል፣ ሌላኛው ደግሞ፣ “ለማቆየት ቢፈልጉ ኖሮ ልዩ ሁኔታውን በጻፉት ነበር” ለማለት ይችላል። ከዝምታ ብቻ ተነሥቶ ወደ መደምደሚያ መድረስ እንደማይቻል ከዚህ ትረዳላችሁ።

ዳኞቹም አንዱን አንቀጽ ነጥለው አልፈረዱም። ሕይወትን የሚመለከተውን አንቀጽ፣ የሰውን ክብር ከሚጠብቀው፣ በሕግ ፊት እኩልነትን ከሚያረጋግጠው፣ ጭካኔ የተመላበት፣ ኢሰብአዊና አዋራጅ ቅጣትን ከሚከለክለው አንቀጽ ጋር አገናኝተው አነበቡት።

3. የምርመራው ሁለት ደረጃዎች

የፍርድ ቤቱ ምርመራ በሁለት ደረጃዎች የተከፈለ ነበር። አንደኛው ጥያቄ፣ “የሞት ቅጣት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብትን ይነካልን?” የሚል ነው። ሁለተኛው፣ “የሚነካ ከሆነስ፣ ለመንካቱ በቂ ምክንያት አለን?” የሚል ነው። የሕገ መንግሥቱ 33ኛ አንቀጽ መብቶች በሕግ ሊገደቡ እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ገደቡ በነጻነትና በእኩልነት ላይ በተመሠረተ ዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ዘንድ ተገቢና አሳማኝ መሆን አለበት። ይህንንም የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው ገደቡ ይጽና በሚለው ወገን ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት አላስቸገረም። የሞት ቅጣት ሕይወትን ያጠፋል፤ ሰውን የመንግሥት መግደያ ዕቃ አድርጎ በመቍጠር ክብሩን ይገፍፋል። ከዚህም ሌላ ፍርዱ በዘፈቀደ ከመውደቅ እንደማያመልጥ ፍርድ ቤቱ ተመልክቷል። አንድ ሰው እንዲሰቀል ወይም በእስራት እንዲቀጣ የሚያደርገው የወንጀሉ ክብደት ብቻ አይደለም። የፖሊሱ ምርመራ ጥራት፣ የዐቃቤ ሕጉ አቀራረብ፣ የጠበቃው ችሎታና የዳኛው አመለካከት ሁሉ ይወስኑታል። ከተከሳሾቹ የሚበዙት ድሆች በመሆናቸው የሚቆሙላቸው መንግሥት በአነስተኛ ክፍያ የመደበላቸው፣ ብዙውን ጊዜም ልምድ ያልነበራቸው ጠበቆች ነበሩ። ብዙዎቹ በማያውቁት ቋንቋ በአስተርጓሚ ይዳኙ ነበር። ድህነት፣ የቆዳ ቀለምና አጋጣሚ በፍርዱ ላይ ድርሻ ነበራቸው። በስሕተት የታሰረ ሰው ሊፈታ ይችላል፤ በስሕተት የተሰቀለ ግን አይመለስም።

በሁለተኛው ደረጃ ዐቃቤ ሕጉ ያቀረቧቸው ምክንያቶች ሦስት ነበሩ። እያንዳንዱን ከተሰጠው መልስ ጋር እንመልከት።

አንደኛው ምክንያት የሞት ቅጣት ሌሎችን ያስፈራል የሚል ነው። በዚያ ወቅት በደቡብ አፍሪካ ወንጀል እጅግ በዝቶ ስለ ነበር ይህ ምክንያት ቀላል አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱም የሕዝቡን ሥጋት አላቃለለም። ነገር ግን ንጽጽሩ በሞትና ያለ ቅጣት በመለቀቅ መካከል አይደለም አለ፤ በሞትና በረጅም ዘመን እስራት መካከል ነው። ሞት ከዕድሜ ልክ እስራት የበለጠ እንደሚያስፈራ ደግሞ በማስረጃ አልተረጋገጠም። ወንጀለኛን ከሁሉ ይልቅ የሚገታው የመያዙ፣ የመፈረዱና የመቀጣቱ እርግጠኛነት ነው። ነፍሰ ገዳይ አልያዝም ብሎ ከተማመነ የቅጣቱ ዓይነት አያሳስበውም።

ሁለተኛው ምክንያት ገዳዩ ዳግመኛ እንዳይገድል ያደርጋል የሚል ነው። ለዚህም እስራት እንደሚበቃ ፍርድ ቤቱ መለሰ።

ሦስተኛው ምክንያት ብድራት ነው። የሞተው ሰው ደም ይጮኻል፤ ወገኖቹ ፍትሕ ይሻሉ፤ ኅብረተሰቡም ቍጣውን መግለጽ አለበት የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ቍጣው ተገቢ መሆኑን ተቀበለ። ነገር ግን ቅጣት የወንጀሉ ግልባጭ መሆን የለበትም አለ። የሰው ዐይን ያጠፋ ሰው በፍርድ ዐይኑ አይወጣም፤ ይህን የማናደርገው ለጥፋተኛው ስለምናዝን ሳይሆን፣ እንዲህ ያለው ተግባር ቀጪውንም ስለሚያዋርድ ነው። ረጅም እስራትም የኅብረተሰቡን ቍጣ ለመግለጽ አይሳነውም።

4. የብዙኀኑ ድምፅ

ከክርክሮቹ ሁሉ ምናልባት እጅግ የሚያሳስበው ይህ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ የሚበዛው ክፍል ለከባድ ነፍስ ግድያ የሞት ቅጣት እንዲኖር ይፈልጋል ተብሎ ተነገረ። ቻስካልሰን ይህ እውነት ነው ብለው ተቀበሉ። ታዲያ ሕዝብ የፈለገውን ዐሥራ አንድ ዳኞች እንዴት ሊከለክሉ ይችላሉ?

መልሳቸው የጥያቄውን አቅጣጫ የሚለውጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ የተጠየቀው ብዙኀኑ ምን ይሻሉ የሚለውን ሳይሆን፣ ሕገ መንግሥቱ ምን ይፈቅዳል የሚለውን ነው አሉ። የሕዝብ አስተያየት ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ሕገ መንግሥትን የሚተረጕም ፍርድ ቤት ባላስፈለገ ነበር፤ ጉዳዩን ሁሉ ለፓርላማ መተው በበቃ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ሥልጣን የተሰጠው በድምፅ ብልጫ ራሳቸውን ሊከላከሉ የማይችሉትን፣ ከእነርሱም መካከል ኅብረተሰቡ የጠላቸውንና ያገለላቸውን ጭምር ለመጠበቅ ነው። ከመካከላችን እጅግ ክፉውና እጅግ ደካማው መብቱ ከተጠበቀለት፣ የሁላችንም መብት እንደሚጠበቅ እርግጠኞች ልንሆን እንችላለን።

ይህን ሐሳብ ቸኩላችሁ አትለፉት። መብት ለጥሩ ሥነ ምግባር የሚሰጥ ሽልማት ቢሆን ኖሮ፣ ጥሩና መጥፎውን የሚለየው ባለሥልጣን በፈለገ ጊዜ ይነፍገው ነበር። የአፓርታይድን ዘመን ያሳለፉት ዳኞች ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩት አልነበረም። ከመካከላቸው አልቢ ሳክስ በ1988 በማፑቶ ከተማ የአገዛዙ የጸጥታ ሰዎች ባጠመዱት ፈንጂ ቀኝ እጃቸውንና የአንድ ዐይናቸውን ብርሃን አጥተዋል። እርሳቸውም ቢሆኑ የፈረዱት የሞት ቅጣት እንዲሻር ነው።

5. ውሳኔው

ውሳኔው የተነገረው ሰኔ 6 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ነው። ዐሥራ አንዱም ዳኞች በአንድ ድምፅ የሞት ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም አሉ። ሆኖም እያንዳንዳቸው ምክንያታቸውን ለየብቻ ጻፉ። ቻስካልሰን በተለይ ያተኰሩት በቅጣቱ ጨካኝነትና ኢሰብአዊነት ላይ ሲሆን፣ እንደ ፒየስ ላንጋና ኬት ኦሬጋን ያሉት ዳኞች ለሕይወት መብት የላቀ ስፍራ ሰጡ።

ኢቮን ሞክጎሮና ሌሎችም ዳኞች ደግሞ በሕገ መንግሥቱ መዝጊያ ላይ የተጠቀሰውን ኡቡንቱ የተባለ ቃል አብራሩ። የቃሉ ፍች ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው እንደ ማለት ነው፤ “ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው” የሚለው የእኛ ምሳሌያዊ አነጋገርም ከዚህ ሐሳብ ይቀራረባል። የሕገ መንግሥቱ መዝጊያ ከበቀል ይልቅ መግባባትን፣ ከአጸፋ ይልቅ ካሣን፣ ከጥቃት ይልቅ ኡቡንቱን ይመርጣል።

የትእዛዙ ወሰን በጥንቃቄ የተሰመረ ነበር። በመጀመሪያ፣ ለነፍስ ግድያና በአንቀጹ ለተዘረዘሩት ሌሎች ወንጀሎች ሞትን የሚፈቅዱት ድንጋጌዎች ተሻሩ። ሁለተኛ፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ መንግሥት ማንኛውንም የሞት ፍርደኛ እንዳይገድል ተከለከለ። ሦስተኛ፣ ፍርደኞቹ ነጻ አልተለቀቁም፤ ቅጣታቸው በሕግ በተፈቀደ ሌላ ቅጣት እስኪተካ ድረስ በእስር እንዲቆዩ ታዘዘ። በጦርነት ጊዜ የሚፈጸም የአገር ክሕደት ጉዳይ ግን ክርክር ስላልተደረገበት ሳይወሰን ታለፈ፤ ይህንንም ፓርላማው በ1997 ባወጣው ሕግ አስቀረው። ፍርዶቹን የመተካቱ ሥራ ዓመታት የፈጀ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ በ2005 ጉዳዩን እንደ ገና ተመልክቶ ቀሪዎቹ እንዲተኩ ክትትል አድርጓል።

6. በሌሎች አገሮች

ይህ ፍርድ ለሁሉም አገር እኩል የሚያገለግል ቁልፍ እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። በታንዛንያ አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በ1994 የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ሲፈርዱ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1995 ቅጣቱ ጨካኝ መሆኑን ሳይክድ በሕገ መንግሥቱ የገደብ አንቀጽ ይጸናል በማለት ሻረው። የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009፣ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2017 የሞት ቅጣትን ራሱን ሳይሽሩ፣ ዳኛው ሞትን ብቻ እንዲፈርድ የሚያስገድደውን ሕግ ሽረዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን የተሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥያቄ በየአገሩ ሲነሣ መልሱ የሚመካው በተጻፈው ቃል፣ በተርጓሚው ሥልጣንና አገሪቱ ባሳለፈችው ታሪክ ላይ ነው።

በደቡብ አፍሪካም ቢሆን ክርክሩ አልጠፋም። አሠቃቂ ወንጀል በተፈጸመ ቍጥር የሞት ቅጣት ይመለስ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የሟች ቤተሰብ ሐዘንም በሕግ ትንታኔ የሚጽናና አይደለም። ይሁን እንጂ በ1996 የጸደቀው ቋሚ ሕገ መንግሥትም የሕይወትን መብት ያለ ምንም “በስተቀር” ደንግጎታል። ያንን አጭር ዐረፍተ ነገር ለመለወጥ ከሕዝብ ተወካዮች ሁለት ሦስተኛው፣ ከዘጠኙም ክፍላተ ሀገር ቢያንስ የስድስቱ ወኪሎች መስማማት ይኖርባቸዋል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሞቱን ፍርድ በይደር ያቆየው ለምንድን ነው?
2. የፍርድ ቤቱ ምርመራ ሁለት ደረጃዎች ምንና ምን ናቸው? የማስረዳት ሸክም የወደቀው በማን ላይ ነው?
3. ዐቃቤ ሕጉ ያቀረቧቸውን ሦስት ምክንያቶችና የተሰጧቸውን መልሶች በአጭሩ ግለጹ።
4. ፍርደኞቹ ከውሳኔው በኋላ ነጻ ያልተለቀቁት ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አገባብ ፈትታችሁ፣ በየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
በይደር፣ ድንጋጌ፣ በዘፈቀደ፣ ብድራት፣ አዋራጅ፣ በአንድ ድምፅ

ሐ. “ካልሆነ በስተቀር” የሚለውን ሐረግ በመጠቀም የትምህርት ቤታችሁን ደንብ የሚመለከቱ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ቀጥሎም ሐረጉን ከየዐረፍተ ነገሩ አውጥታችሁ የተለወጠውን ትርጕም አስረዱ።

መ. “የብዙኀኑ ፈቃድ ሁልጊዜ ሕግ ሊሆን ይገባልን?” በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው የክርክር ድርሰት ጻፉ። የራሳችሁን አቋም ከማስረዳታችሁ በፊት የተቃራኒውን ወገን እጅግ ጠንካራ ምክንያት በሐቀኝነት አቅርቡ።